የቴክኒክ ጥገና ሰነዶች አያያዝ በማዕከላዊ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት፤ ግሸንን በመሰሉ አካባቢዎች ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ያለው ጠቀሜታ

1. መግቢያ

አንድ የትምህርት መሣሪያ ከአገልግሎት ውጭ የሚሆነው አካሉ ስለ ተሰበረ ብቻ አይደለም። ጉድለቱ በቀላሉ ሊወገድ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ መሣሪያው እንዴት እንደሚፈታ፣ የትኛው ክፍል በየትኛው እንደሚተካ፣ የሚስማማውም የኤሌክትሪክ መጠን ስንት እንደ ሆነ የሚገልጸው ጽሑፍ ባለመገኘቱ በዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎበት የሚቀር መሣሪያ አለ። መሣሪያው በተገዛ ጊዜ በካርቶኑ ውስጥ የመጣው መጽሐፍ ከማሸጊያው ጋር ተጥሎ፣ ወይም ኃላፊው ሲዛወር የት እንደ ደረሰ ሳይታወቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት የሚባክነው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በመሣሪያው አማካይነት ሊሰጥ የሚገባው ትምህርትም ይባክናል።

ይህ ችግር በአገራችን ጎልቶ የታየው በ1997 ዓ.ም. ለ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳተላይት የትምህርት ሥርጭት ከተጀመረ ወዲህ ነው። በዚያ ፕሮግራም ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ እየተዘጋጀ፣ ከአዲስ አበባ በሳተላይት እየተሠራጨ፣ በየመማሪያ ክፍሉ በተተከለ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ለተማሪዎች ይቀርብ ነበር። ለዚህም ሥራ ቴሌቪዥኑ ብቻውን አይበቃም። ዲሹ፣ ሪሲቨሩ፣ የሽቦው መስመር፣ መብራት በሌለበትም ቦታ ጄኔሬተሩ በአንድነት መሥራት ነበረባቸው። ከእነዚህ አንዱ በተበላሸ ጊዜ የቀሩት ሁሉ ደኅና ቢሆኑም ትምህርቱ ይቋረጥ ነበር። ሥርጭቱም በተመደበለት ሰዓት የሚያልፍ እንጂ የሚጠብቅ ስላልነበረ፣ ለጥገና የጠፋው እያንዳንዱ ቀን ለተማሪው ያመለጠ ትምህርት ነበር። ከጊዜ በኋላም ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከአገልግሎት ውጭ ሆነዋል። ፓናሶኒክን የመሰሉ ታላላቅ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2013ና በ2014 የፕላዝማ ቴሌቪዥን መሥራት ባቆሙ ጊዜ ደግሞ መለዋወጫውም፣ የጥገና ጽሑፉም ከአምራቹ የሚገኝበት መንገድ እየጠበበ ሄደ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መሣሪያው ከአምራቹ ፍላጎት በላይ ዕድሜ እንዲኖረው ከተፈለገ፣ ሰነዱ በአገር ውስጥ በሥርዓት ሊጠበቅ ይገባል። ለዚህ ተግባር የሚመረጠው ዘዴ ሰነዶቹን በአንድ ማዕከላዊ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ማሰባሰብ ነው። ይሁን እንጂ ማሰባሰብ ብቻውን ግቡን አይመታም። ማዕከሉ ሰነድ ወደ ትምህርት ቤት የሚወርድበት፣ የጥገናውም ውጤት ከትምህርት ቤት ወደ ማዕከል የሚመለስበት የሁለት አቅጣጫ መንገድ ካልሆነ፣ የተቆለፈው ግምጃ ቤት ከትምህርት ቤቱ ወደ ማዕከሉ ተዛወረ ከማለት በቀር የተገኘ ለውጥ አይኖርም።

2. ግሸን በአብነት ስለ መወሰዱ

ጉዳዩን በተጨባጭ ለማስረዳት በደቡብ ወሎ ዞን በአምባሰል ወረዳ የሚገኘው ግሸን በአብነት ተወስዷል። ግሸን ዙሪያውን በገደል የተከበበ፣ ቅርጹም በመስቀል የሚመሰል አምባ ነው። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ልጆችና ወንድሞች ይጠበቁበት የነበረ ሥፍራ መሆኑ በታሪክ ይታወቃል። የግማደ መስቀሉ መገኛ ሆኖ በመከበሩም በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከየአቅጣጫው ብዙ ሕዝብ ይወጣበታል። ነገር ግን ለተሳላሚ በረከት የሆነው አቀበት ለዕቃ አመላላሽ ከባድ ነው። ጄኔሬተርን ወይም ማተሚያን የመሰለ መሣሪያ ከእንዲህ ያለ ቦታ አውርዶ ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ለጥገና መላክ፣ ተጠግኖም ሲመለስ እንደገና ማውጣት፣ ድካሙና ወጪው የሚናቅ አይደለም።

ስለዚህ ግሸንን በመሰለ አካባቢ መሠረታዊው ስሌት እንዲህ ነው፦ መሣሪያውን ወደ ባለሙያው ከማውረድ ይልቅ ዕውቀቱን ወደ መሣሪያው ማውጣት ይቀላል። ጥቂት ገጽ ወረቀት ወይም አንድ ፍላሽ በኪስ ይወጣል። በጥገና ሰነድ እየተመራ ፊውዝ የሚለውጥ፣ የጄኔሬተር አየር ማጣሪያ የሚያጸዳ፣ የባትሪ ጫፍ የሚጠርግ ሰው በቅርብ ካለ ብዙው ብልሽት እዚያው ይፈታል። ወደ ታች መውረድ የሚገባው ከዚህ የከበደው ብቻ ይሆናል።

3. የጥገና ሰነድ ዐይነቶች

በተለምዶ «ማኑዋል» ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ጽሑፍ በእርግጥ የተለያዩ ሰነዶችን ያጠቃልላል። እነርሱን ለይቶ አለማወቅ በአሰባሰብ ላይ ስሕተት ያስከትላል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) የአጠቃቀም መመሪያ፦ መሣሪያው እንዴት እንደሚበራና እንደሚሠራ ይገልጻል። በካርቶን ውስጥ አብሮ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ብቻ ነው።

ለ) የጥገና መመሪያ፦ አፈታቱን፣ የብልሽት ምልክቶችንና ምክንያቶቻቸውን፣ የመለኪያ ነጥቦችንና የማስተካከያ ደረጃዎችን ይዘረዝራል።

ሐ) የኤሌክትሪክ መስመር ንድፍ፦ ኃይሉ ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚያልፍ በሥዕል ያሳያል።

መ) የመለዋወጫ ዝርዝር፦ ለእያንዳንዱ ክፍል አምራቹ የሰጠውን ቁጥር ይይዛል። ያለ እርሱ መለዋወጫ በትክክል ማዘዝ አይቻልም።

ሠ) የማሻሻያ ማስታወቂያ፦ መሣሪያው ከተሸጠ በኋላ የተገኘ ጉድለትን ወይም የተለወጠ አሠራርን ለማሳወቅ አምራቹ የሚያወጣው አጭር ጽሑፍ ነው።

ረ) የጥገና መዝገብ፦ በዚያው መሣሪያ ላይ መቼ፣ በማን፣ ምን እንደ ተሠራ የሚመዘገብበት ነው።

የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ከአምራች ወደ ተጠቃሚ የሚመጡ ሲሆኑ፣ 6ኛው ከተጠቃሚው የሚወለድ ሰነድ ነው። ብዙ የሰነድ ማሰባሰብ ሥራዎች ይህን 6ኛውን ይዘነጋሉ። ሆኖም ስለ መሣሪያው በአገራችን የአየር ጠባይ፣ በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይልና በአገራችን አቧራ ውስጥ ያለውን ጠባይ የሚነግረው እርሱ ብቻ ነው።

4. ከአካባቢው የጽሑፍ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ሰነድን በሥርዓት መያዝ ለአምባሰልና ለሐይቅ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው፣ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ለገዳሙ የተሰጡትን መጻሕፍት ዝርዝር ይዟል። በጥንታዊት ኢትዮጵያ የንብረት ዝርዝርንና የርስት ስጦታን በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ መጻፍ የተለመደ አሠራር ነበር። ምክንያቱም ወንጌሉ ከሁሉ ይልቅ የሚከበርና የሚጠበቅ መጽሐፍ በመሆኑ፣ በእርሱ ላይ የተጻፈው ዝርዝር በቀላሉ አይጠፋም፤ ደፍሮም የሚለውጠው አይገኝም። ከዚህ የሚወሰደው መመሪያ፣ መዝገብ የሚቀመጠው ባለቤትና ጠባቂ ባለው ቦታ መሆን አለበት የሚል ነው።

ይኸው ወንጌል ሌላም ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ በተጀመረ ጊዜ፣ የሐይቅ መጻሕፍት ከተነሡት መካከል ነበሩ። ሥራው የተከናወነው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ትብብር ሲሆን፣ የፊልሙ አንድ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደርጓል። ካታሎጉን ካዘጋጁት ሊቃውንት መካከል ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ይገኙበታል። በዚያ ካታሎግ የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል 1832 የሚል ቁጥር አለው። መጽሐፉ ከገዳሙ ሳይወጣ፣ በዚህ አንድ ቁጥር አማካይነት የትም አገር ያለ ተመራማሪ ያለ መሳሳት ይጠቅሰዋል፤ ቅጂውንም ያገኘዋል። አንድ ሰነድ አንድ ቋሚ ቁጥር፣ አንድ ሰነድ ከአንድ በላይ ማስቀመጫ፤ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍትም መሠረት ከእነዚህ ሁለት ደንቦች የተለየ አይደለም።

3ኛው ትምህርት የሚገኘው በዚሁ በአምባሰል ከምትገኘው ከውጫሌ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተጻፈ ነበር። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቃል ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለምታደርገው ግንኙነት በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም እንደምትችል ሲያመለክት፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ እንዳለባት አድርጎ ይናገር ነበር። «ይችላል» እና «አለበት» በተባሉ ሁለት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ወደ ዐድዋ ጦርነት ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል። የጥገና ሰነድን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ይህን ሊያስታውስ ይገባዋል። «ሽፋኑን ከመክፈት በፊት ኃይሉን ማቋረጥ ይቻላል» እና «ሽፋኑን ከመክፈት በፊት ኃይሉን ማቋረጥ ግዴታ ነው» በሚሉት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

5. ከአውሮፕላን ጥገና የሚገኝ ትምህርት

በአገራችን የጥገና ሰነድ አያያዝ እጅግ በጠበቀ ሥርዓት የሚካሄደው በአውሮፕላን ጥገና ሥራ ነው። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱን አውሮፕላኖች ከመጠገን አልፎ ለሌሎች አየር መንገዶችም የጥገና አገልግሎት ይሰጣል። በዓለም አቀፍ ደረጃ በዚህ ሙያ ሁለት ደንቦች ጸንተው ይኖራሉ።

የመጀመሪያው የአመዳደብ ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የአሜሪካ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ባወጣው መመሪያ መሠረት የአውሮፕላን ክፍሎች በቋሚ የምዕራፍ ቁጥሮች ተመድበዋል። ምዕራፍ 24 የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ምዕራፍ 28 ነዳጅ፣ ምዕራፍ 32 የማረፊያ እግርና ጎማ ነው። የአውሮፕላኑ ሠሪ ድርጅት ቢለያይም ቁጥሩ አይለወጥም። በመሆኑም መካኒኩ ስለ ማረፊያ ጎማ የሚሻውን ለማግኘት እያንዳንዱን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ማገላበጥ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው የማሻሻያ ደንብ ነው። ማንኛውም ጥገና የሚካሄደው በጊዜው በጸናው እትም ብቻ ነው። ማሻሻያ በወጣ ቁጥር የተለወጡት ገጾች ይተካሉ፤ በሥራ ላይ ያሉትን ገጾች የሚቈጥር ዝርዝርም ከሰነዱ ጋር ይያያዛል። የተሻረው ገጽ በሥራ ቦታ እንዲቆይ አይፈቀድም። ይህም የሆነው አሮጌ ሰነድ ሰነድ ከማጣት የበለጠ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ነው፤ ሰነድ የሌለው ሰው ይጠራጠራል፣ አሮጌ ሰነድ የያዘው ግን በእርግጠኝነት ይሳሳታል።

ትምህርት ቤት የአውሮፕላን ጋራዥ ስላልሆነ ይህ ሁሉ ሥርዓት እንዳለ ይገልበጥ አይባልም። ነገር ግን ሁለቱ ደንቦች በቀላል መልክ ሊሠሩ ይችላሉ። ለምሳሌ ያህል ከ10 እስከ 19 ያለው ቁጥር ለኤሌክትሪክ ኃይልና ለጄኔሬተር፣ ከ20 እስከ 29 ለውኃ፣ ከ30 እስከ 39 ለማተሚያና ለማባዣ መሣሪያ፣ ከ40 እስከ 49 ለኮምፒዩተር፣ ከ50 እስከ 59 ለቤተ ሙከራ ዕቃ ቢመደብ፣ መምህሩም፣ የወረዳው ባለሙያም፣ ማዕከሉም በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ።

6. በማዕከሉ የሚከናወነው ሥራ ቅደም ተከተል

የትምህርት ሚኒስቴር በተለይ ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚያገለግል ብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አቋቁሟል። የዚያ ትኩረት በመጻሕፍት፣ በጥናቶችና በመመረቂያ ጽሑፎች ላይ ነው። የጥገና ሰነድ ግን ከእነዚህ በጠባዩ ይለያል። መጽሐፍ በደራሲውና በርእሱ ይፈለጋል፤ የጥገና ሰነድ ግን የሚፈለገው በመሣሪያው ሰሌዳ ላይ በተጻፈው ነው። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ቢሆን ይመረጣል።

በመጀመሪያ የሚመጣው ሰነድ መሰብሰብ ሳይሆን ሰሌዳ መመዝገብ ነው። በትምህርት ቤቶች ያሉት መሣሪያዎች ምን ምን እንደ ሆኑ ሳይታወቅ ሰነድ ማከማቸት፣ በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት እንደ መግዛት ይቆጠራል። በእያንዳንዱ መሣሪያ ጀርባ ወይም ሥር ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉን፣ የመለያ ቁጥሩን፣ የሚፈልገውንም የቮልቴጅ መጠን ይይዛል። መምህሩ ይህን በእጁ ስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ወይም በወረቀት ገልብጦ ቢልክ በቂ ነው።

ቀጥሎ ሰነዱ ይሰበሰባል። ይህ ክፍል ከሚታሰበው በላይ ጊዜ የሚወስደው በመገልበጥ ሳይሆን በመለየት ነው። በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ጊዜ አይፊክሲት የተባለ የአሜሪካ ድርጅት የሕክምና መሣሪያዎችን የጥገና ሰነዶች አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ለሕዝብ በነጻ ሲያቀርብ ከ13,000 በላይ ሰነዶች ነበሩት። ክምችቱን መልክ ለማስያዝም ከ200 በላይ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና ሌሎች ፈቃደኞች ተባብረዋል። ፋይሎቹን ማግኘት የሥራው ግማሽ ብቻ ነበር፤ የትኛው ፋይል ለየትኛው ሞዴል እንደ ሆነ መለየት ግን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያን ሙያ የሚጠይቅ ነው።

3ኛው ተግባር ለእያንዳንዱ ሰነድ መግለጫ ማዘጋጀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው ደብሊን ኮር የተባለው የአመዘጋገብ ሥርዓት 15 መሠረታዊ መስመሮችን ይዟል። ለጥገና ሰነድ ከእነዚህ በተጨማሪ የሞዴል ስም፣ የሰነዱ ዐይነት፣ የእትም ቁጥርና ቀን፣ የሻረው ወይም የተሻረበት ሰነድ ቁጥር፣ የጥገናውም ደረጃ ሊመዘገቡ ይገባል።

ስለ ጥገና ደረጃ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። 1ኛው ደረጃ ማንኛውም ኃላፊነት የተሰጠው መምህር ሊሠራው የሚችለው የጽዳት፣ የፍተሻና የቀላል ክፍል ለውጥ ሥራ ነው። 2ኛው በወረዳ ወይም በዞን ባለ የሠለጠነ ባለሙያ፣ 3ኛው በተሟላ ጋራዥ ወይም በአምራቹ ወኪል የሚሠራ ነው። ክፍፍሉ የሥልጣን ጉዳይ ሳይሆን የደኅንነት ነው። የቴሌቪዥን ወይም የማተሚያ የኃይል ክፍል ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ በውስጡ አደገኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ጄኔሬተርም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቢነሣ በሚያወጣው መርዘኛ ጢስ ሰው ይገድላል። በመሆኑም ደረጃው በሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በጉልህ ተጽፎ መውጣት አለበት።

4ኛው ተግባር ትርጉም ነው። ሰነዱን በሙሉ መተርጐም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ለ1ኛ ደረጃ ጥገና የሚያገለግሉት ጥቂት ገጾች በጥሩ አማርኛ፣ በሥዕል ተደግፈው ቢቀርቡ ይበቃል። ትርጉሙን አንድ ቋንቋ ዐዋቂና አንድ የሙያው ባለቤት በጋራ ሊያዩት፣ የተተረጐመበትም የእንግሊዝኛ እትም ቁጥር በላዩ ሊጻፍ ይገባል። አለዚያ የእንግሊዝኛው ሲሻሻል አማርኛው ወደ ኋላ መቅረቱን ማንም አያውቅም።

5ኛው ጥበቃ ነው። ሰነዱ ከአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ጋር ባልተቈራኘ፣ ለረጅም ዘመን ጥበቃ በተዘጋጀ የፋይል ዐይነት፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓለም አቀፍ ደረጃ በወጣለት በፒ.ዲ.ኤፍ./ኤ ቢቀመጥ ይመረጣል። ቅጂውም ቢያንስ ሦስት ሆኖ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ ውጭ መቀመጥ ይኖርበታል።

በዚህ ሁሉ የባለመብትነት ጉዳይ አይዘነጋም። የጥገና ሰነድ የአምራቹ የአእምሮ ሥራ በመሆኑ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚሸፈን ነው። ለዚህ የሚበጀው መፍትሔ ችግሩን ከምንጩ ማድረቅ ነው። ይኸውም በግዥ ጊዜ አቅራቢው የጥገና መመሪያውን፣ የመስመር ንድፉንና የመለዋወጫ ዝርዝሩን በዲጂታል መልክ እንዲያስረክብ፣ ለትምህርት ቤቶችም ለማባዛትና ለመተርጐም እንዲፈቅድ በውሉ ማስገባት ነው። ሰነዱ ሳይሟላ የመጨረሻው ክፍያ እንዳይፈጸም ቢደረግ፣ ከዓመታት በኋላ በልመና የማይገኘው ነገር በግዥው ቀን ይገኛል።

ሰነዱ ከመጀመሪያው ለሁሉ ክፍት ሲሆን ምን ያህል ጥቅም እንዳለው አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ውኃ ፓምፕ ምስክር ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በማላዊና በኬንያ የተሻሻለው ይህ ፓምፕ በመንደር ሰዎች እንዲጠገን ታስቦ የተነደፈ ነው። ንድፉ የማንም የግል ንብረት ባለመሆኑም ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ይሠሩታል። በአገራችንም በሰፊው ተተክሏል። ቶሎ የሚያልቀው የጎማ ማሸጊያ በጥቂት ቀላል መሣሪያዎች ሊለወጥ ይችላል፤ የአለዋወጡም መመሪያ በነጻ ይገኛል። በግቢው እንዲህ ያለ ፓምፕ ያለው ትምህርት ቤት ያንን መመሪያና አንድ ማሸጊያ በእጁ ካኖረ፣ ተማሪዎቹ ለውኃ ሩቅ የሚሄዱበት ቀን ይቀንሳል።

7. ሰነዱ ወደ አምባው የሚደርስበት መንገድ

በአዲስ አበባ ባለ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ሰነድ መስመር ለሌለው ትምህርት ቤት እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። መስመር ያለውም ሊቋረጥበት ይችላል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት አገልግሎት ለረጅም ወራት መቋረጡ ይታወሳል። ስለዚህ ማዕከላዊነት የሚያስፈልገው ለመመዝገብና ለማሻሻል እንጂ፣ ሰነዱ በአንድ ቦታ ብቻ እንዲኖር አይደለም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነውም አደጋ ታይቷል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴን፣ ሐይቅንና ውጫሌን ባዳረሰ ጊዜ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ዕቃዎቻቸውና መዝገቦቻቸውም ጠፍተዋል። በትምህርት ቤት ብቻ የነበረ ሰነድ ከትምህርት ቤቱ ጋር ይጠፋል። በማዕከሉ ያለው ቅጂ ከታች ለሚደርስ ጥፋት መድን ሲሆን፣ ከታች ያለው ቅጂ ደግሞ መስመር ሲቋረጥ መተኪያ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው።

ለአፈጻጸሙ ሦስት እርከን ይበቃል። በማዕከሉ ሙሉው ክምችት ይኖራል። በወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት በወረዳው ላሉት መሣሪያዎች የሚያስፈልገው ክፍል ብቻ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል። በትምህርት ቤቱ ደግሞ የራሱ መሣሪያዎች የ1ኛ ደረጃ ጥገና ገጾች ታትመው በአንድ ፋይል ይያዛሉ። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሰነዱ ቁጥር በራሱ በመሣሪያው ላይ ቢለጠፍ፣ አዲስ የመጣ መምህርም ሳይጠይቅ ያገኘዋል።

ማሻሻያውን ለማድረስ የተለየ መኪና መመደብ አያስፈልግም። የመማሪያ መጻሕፍትና የፈተና ወረቀቶች በሚጓጓዙበት ጊዜ አብሮ ሊላክ ይችላል። በአምባሰል ተራሮች ክረምት መንገዱን ስለሚያከብደው፣ ዓመታዊው የማሻሻያ ጊዜ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት ወር ቢሆን ይመረጣል። ያን ጊዜ የተሻሩት ገጾች ተሰብስበው ይመለሳሉ፤ አዲሶቹ ይተካሉ።

8. ከታች ወደ ላይ የሚመለሰው መረጃ

የሥርዓቱ ሕይወት የሚመዘነው በዚህ ክፍል ነው። ለእያንዳንዱ ጥገና አንድ አጭር ካርድ ይሞላል። ካርዱ የያዛቸው መስመሮች ጥቂት ናቸው፦ ቀን፣ የመሣሪያው ሞዴልና የመለያ ቁጥር፣ የታየው ምልክት፣ ጥቅም ላይ የዋለው ሰነድ ቁጥር፣ የተለወጠው ክፍል፣ የተገኘው ውጤት፣ መሣሪያው ሳይሠራ የቆየበት ጊዜ። ከግማሽ ገጽ በላይ የሆነ ካርድ አይሞላም፤ የማይሞላ ካርድም ከሌለ አይሻልም።

የካርዱ ጥቅም ሦስት ነው። አንደኛ፣ ያው ብልሽት በልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች ሲደጋገም ማዕከሉ ምክንያቱን መርምሮ ለሁሉም ማስታወቂያ ያወጣል። ለምሳሌ የአንድ ዐይነት ማተሚያ የኃይል ክፍል በተደጋጋሚ ቢቃጠል፣ ጉድለቱ ከማተሚያው ሳይሆን ከኤሌክትሪኩ መዋዠቅ ሊሆን ስለሚችል፣ ከአዲስ ማተሚያ ይልቅ የኃይል መቆጣጠሪያ መግዛት ተገቢ መሆኑ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ የሰነዱ ጉድለት ይገለጣል፤ መመሪያው እንዳለው ተሠርቶ ያልተሳካ ጥገና የመመሪያውን ስሕተት ወይም የትርጉሙን ድክመት ያጋልጣል። ሦስተኛ፣ ግዥ በማስረጃ ይመራል፤ የቱ ሞዴል ለአገሩ እንደሚስማማ የሚያውቀው ሻጩ ሳይሆን መዝገቡ ነው።

ይሁን እንጂ መምህሩ ካርዱን የሚሞላው ምላሽ ሲያገኝ ብቻ ነው። ካርዱን ልኮ ድምፅ የማይሰማ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ አይልክም። ስለዚህ ማዕከሉ ካርዱ መድረሱን ሊያሳውቅ፣ ከካርዶቹ የተገኘውንም ትምህርት በአጭር ጽሑፍ በየሩብ ዓመቱ ለትምህርት ቤቶች ሊያሠራጭ ይገባል።

9. ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርቡ ነጥቦች

ከላይ ከተዘረዘረው ሐሳብ በመነሣት የሚከተሉት በዕቅድ ሊያዙ ይችላሉ።

ሀ) በሙከራ ደረጃ አንድ ወረዳ መርጦ፣ መንገድ የራቃቸውን ትምህርት ቤቶች አስቀድሞ መጀመር። ለሩቁ የሠራ ሥርዓት ለቅርቡ ይሠራል፤ የዚህ ተቃራኒ ግን አይሆንም።

ለ) የመሣሪያ ሰሌዳ ምዝገባን ከዓመታዊው የንብረት ቆጠራ ጋር ማያያዝ።

ሐ) በማዕከሉ አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያና አንድ የጥገና ባለሙያ በአንድ ጠረጴዛ እንዲሠሩ ማድረግ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ካለ ክምችቱ ወይ ሥርዓት፣ ወይ ጥቅም ያጣል።

መ) የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ለልምምድ በሚወጡበት ጊዜ የጥገና ሰነድ አነባበብንና የካርድ አሞላልን እንዲማሩ፣ በአቅራቢያቸው ላሉ ትምህርት ቤቶችም እንዲያገለግሉ ማመቻቸት።

ሠ) በበጀት ላይ ለኮምፒዩተርና ለስካነር ከሚመደበው ጎን ለኅትመት ወረቀት፣ ለመጓጓዣና ለመለዋወጫ መያዝ። ሰነድ ያለ መለዋወጫ ምክር ብቻ ነው።

10. ማጠቃለያ

የጥገና ሰነድ አያያዝ ስለ ፋይልና ስለ ሰርቨር የሚነገር የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። በእርግጥ ግን የትምህርት ፍትሐዊነት ጉዳይ ነው። በከተማ ያለ ትምህርት ቤት መሣሪያው ሲበላሽበት ጠጋኝ በሠፈሩ ያገኛል። በአምባ ላይ ያለው ግን ያለ ሰነድ ከቀረ፣ ከከተማው ትምህርት ቤት ጋር እኩል መሣሪያ ቢሰጠው እንኳ እኩል አገልግሎት አያገኝም። በአንድ ቀን የተከፋፈለው ዕቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንዱ ቦታ ሲሠራ፣ በሌላው የአቧራ ማረፊያ ይሆናል።

ማዕከላዊው ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ይህን ልዩነት ለማጥበብ የሚያገለግለው በያዘው የሰነድ ብዛት አይደለም። ሰነዱ ከትክክለኛው ሞዴል ጋር በመያያዙ፣ በጸናው እትም በመሆኑ፣ በሚነበብ ቋንቋ በመቅረቡ፣ መስመር በሌለበትም ቦታ በወረቀት በመድረሱ፣ ከዚያም የመጣውን መልስ በመቀበሉ ነው። የሥራው ስኬት መለኪያም ስንት ፋይል ተከማቸ የሚለው ሳይሆን፣ ተበላሽቶ የነበረው መሣሪያ በስንት ቀን ወደ መማሪያ ክፍሉ ተመለሰ የሚለው መሆን ይገባዋል።